በበዓሉ በመጨረሻው ቀን



ጊፋታ አልፎ፣ የመስቀል ሰሞንም አብቅቶ፣ የወላይታ ሶዶ መናኸሪያ በማለዳ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። የዳሞታ ተራራ ገና በጉም እንደተሸፈነ ረዳቶቹ «አዲስ አበባ! ሐዋሳ! አርባ ምንጭ!» እያሉ ይጣራሉ። እናቶች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤና ቆጮ፣ በጠርሙስ የተሞላ ዳታ ለልጆቻቸው ያስይዛሉ። ከሳምንት በፊት በዚያው ቦታ «ዮዮ ጊፋታ!» እየተባባለ ሲተቃቀፍ የነበረው ሕዝብ አሁን ብዙም አይናገርም። አባት የልጁን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ፊቱን ያዞራል።

ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ ለበዓሉ የመጣ አብሮ አደጌን ልሸኝ እኔም እዚያ ነበርኩ። ሰው መሐል ቆመን ሳለን በልጅነቱ በሰንበት ትምህርት ያስተማርኩት አንድ ወጣት መጥቶ ሰላም አለኝ። አሁን አዲስ አበባ ሊስትሮ ነው። «ፓስተር፣ ይጸልዩልኝ» አለኝ። «በዓሉ እንዴት ነበር?» ስለው «በዓሉማ ደስ ይል ነበር። የከበደኝ ዛሬ ነው» አለ። ዓመቱን ሙሉ ጫማ እየጠረገ ያጠራቀመውን ገንዘብ በስድስት ቀን ጨርሶ የመሳፈሪያውን ከአጎቱ ተበድሯል። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ታናሽ እህቱ ደብተር አልተገዛላትም፤ «ከአዲስ አበባ እልክልሻለሁ» ብሏት ነው የወጣው። እጄን ጭኜ ጸለይኩለት፤ እሱም ሄዶ ተሳፈረ።

አብሮ አደጌ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ «የልጁ ነገር መርከቡን አስታወሰኝ» አለኝ። የምን መርከብ ብዬ ጠየቅሁት። ከጥቂት ዓመት በፊት ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ለሰባት ሌሊት በመዝናኛ መርከብ በካሪቢያን ባሕር ላይ ተጉዞ ነበር። እኛ አባያ ሐይቅን ከሩቅ እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ መርከብ ሲባል የሚታየን የዮናስና የጳውሎስ ነው። እሱ የነገረኝ ግን በባሕር ላይ የሚሄድ ከተማ ነው፦ ምግብ ቤት፣ መዋኛ፣ ቲያትር፣ ገበያ፣ ሁሉ ያለው። በመርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። አንድ ካርድ ይሰጥሃል፣ የፈለግኸውን ሁሉ በእሱ ታስመዘግባለህ። ስለዚህ ስድስቱን ቀን የምታወጣው ገንዘብ፣ ገንዘብ አይመስልህም።

«የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል» አለኝ። ማታ ሻንጣህን ዘግተህ፣ ምልክት አስረህበት፣ ከክፍልህ በር ውጭ ታስቀምጣለህ። ከዚያ በኋላ የቀረህ የለበስከው ልብስ ብቻ ነው። ሌሊት የሂሳብ ወረቀት በበሩ ሥር ይገባል፤ የበላኸው፣ የጠጣኸው፣ ልጆችህ የተጫወቱበት ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል። በማለዳ ትቀሰቀስና ክፍሉን ትለቅቃለህ፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ በዚያው አልጋ ላይ ሌላ እንግዳ ይተኛል። ሳምንቱን ሙሉ በስምህ ሲጠራህ የነበረው አስተናጋጅ አንሶላውን መግፈፍ ጀምሯል። «በዚያ ሌሊት» አለኝ ወንድሜ «ከሂሳቡ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆቼን ይዤ የሄድኩት አብረን እንድንሆን ነበር። ሰባቱን ቀን ግን እነሱ ወደ መዋኛው፣ እኔ ወደ ጥላው፤ ተበታትነን ከረምን። አብረን የጸለይነው አንድም ቀን አልነበረም። ይህ የታወቀኝ ሻንጣው በር ላይ ከወጣ በኋላ ነው።»

እሱን ሸኝቼ ስመለስ የወጣቱም የወንድሜም ንግግር በልቤ አንድ ሆነ። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ይህንን ነው፦ በዓላችን የሚመዘነው በመጨረሻው ቀን ነው፤ እኛ አማኞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛ አገልጋዮች፣ የመጨረሻውን ቀን ያለ እረኛ ትተነዋል።

ይህን ስል የሚቃወሙኝ ሁለት ዓይነት ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱ ወገን «አማኝ ምን በዓል አለው? ጊፋታም ሆነ መስቀል አይመለከተንም» ይላል። ይህ ወገን የቀደሙት አባቶቻችን ከጥንቱ አምልኮ ለመለየት ስለከፈሉት ዋጋ ያስባልና አልንቀውም። ነገር ግን ዘመድ ከየአገሩ የሚሰበሰብበትን፣ የተጣላ የሚታረቅበትን፣ ልጅ እናቱን የሚያይበትን ሰሞን ሁሉ «አይመለከተንም» ማለት ሰዎቻችንን ራሳቸው አይመለከቱንም እንደማለት ይሆናል። ሌላው ወገን ደግሞ «ፓስተር፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ተቸግሮ አንድ ሳምንት ቢደሰት ምን አለበት?» ይላል። እኔም ከሥጋው ጋር ጠብ የለኝም። በዘዳግም 16 ጌታ ሕዝቡን በበዓል ደስ እንዲላቸው አዝዟል፤ ደስታው ግን ባሪያውን፣ መጻተኛውን፣ ወላጅ የሌለውንና መበለቲቱን እንዲጨምር በዚያው ትእዛዝ አስሮታል። ጥያቄዬ በበዓሉ ማግሥት ምን ይተርፋል የሚለው ነው።

ቃሉን ስመለከት መጽሐፍ ቅዱስ ስለ በዓል መጨረሻ ዝም አለማለቱ ያስገርመኛል። ሦስት ቦታ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ኢዮብ ነው (ኢዮብ 1፡4-5)። የኢዮብ ልጆች በየተራ በየቤታቸው ግብዣ ያደርጉ ነበር፣ እኅቶቻቸውንም ይጠሩ ነበር። ኢዮብ «አትብሉ፣ አትጠጡ» ብሎ ሲከለክላቸው አናነብም። የግብዣው ቀናት ሲፈጸሙ ግን ይልክባቸውና ይቀድሳቸው ነበር። ማልዶ ተነሥቶ እንደ ቁጥራቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር፤ ምናልባት በልባቸው እግዚአብሔርን በድለው እንደሆነ ብሎ ይሰጋልና። ልብ በሉ፦ የኢዮብ አገልግሎት የጀመረው ግብዣው ሲያልቅ ነው። ሌላው ሰው ደክሞት በሚተኛበት ማለዳ እሱ ተነሥቷል። «እንደ ቁጥራቸው» የሚለውም አይለፋችሁ። በጅምላ አልጸለየም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በየራሱ አቀረበ።

ሁለተኛው ሉቃስ 2 ነው። ዮሴፍና ማርያም ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ወጡ፤ ኢየሱስ 12 ዓመቱ ነበር። በዓሉን በሥርዓት አከበሩ፣ ቀኖቹንም ፈጸሙ። የጠፋባቸው ሲመለሱ ነው። ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ በዘመድና በወዳጅ መካከል ፈለጉት። እኛም እንዲሁ ነን። በዓሉ ውስጥ ጌታ አብሮን ነበር፤ መዝሙሩም ነበር፣ ጸሎቱም ነበር። ጓዝ ጠቅልለን ስንወጣ ግን «ከሰው ጋር ይኖራል» ብለን እንሄዳለን። እነሱ የአንድ ቀን መንገድ ሄደው ሲያበቁ ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው። ሲሄዱ በአንድ ቀን ያጡትን ለማግኘት ብዙ ደከሙ።

ሦስተኛው ዮሐንስ 7 ነው፤ ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። አባቶቻችን ለጊፋታ እንዴት ይዘጋጁ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች አለን። ወንዶች ለበሬ መግዣ ዓመቱን ሙሉ በጋራ ያጠራቅሙ ነበር፤ ሴቶች ደግሞ ቅቤ ለየብቻም በማኅበርም ያስቀምጡ ነበር። በዓሉ ሲመጣ ሁሉ ተከፍሎ አልቋል። የተጣሉም ከአዲሱ ዓመት በፊት በሽማግሌ ይታረቁ ነበር። አባቶቻችን መጀመሪያ ከፍለው ከዚያ በሉ፤ እኛ ግን መጀመሪያ በልተን ከዚያ እንከፍላለን። የአንድ በሬ ዋጋ ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ሆኗል። ሆኖም ጎረቤት አርዶ እኛ ሳናርድ እንዳንቀር ብለን ከዘመድ እንበደራለን፣ አንዳንዱም አራጣ አበዳሪ ቤት ይገባል። የመርከቡ ሂሳብ በበር ሥር እንደሚገባ የእኛም ሂሳብ በመስከረም መጨረሻ ይመጣል፤ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ማዳበሪያ፣ ዕዳ። ልዩነቱ የመርከቡን ሂሳብ የሚከፍለው የበላው ሰው ነው። የእኛን ግን ብዙ ጊዜ የምትከፍለው ደብተር ያልተገዛላት ልጅ ናት።

ስለ ሌሎች ብቻ ብጽፍ ግብዝነት ይሆናል። እኔም የምናገረው አለኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ያኔ ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ተመርቄ ማገልገል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ስሜም በየኮንፈረንሱ ይጠራ ጀምሯል። ጊፋታን በአረካ አካባቢ ባለው የገጠር ቤታችን አከበርን። ታላቅ ወንድሜም መጥቶ ነበር። ከአባታችን በቀረች ቁራሽ መሬት ምክንያት ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን ነበር፤ ወሰን ላይ ስለተተከለ ባሕር ዛፍ ነው፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። በዓሉን በአንድ ገበታ በላን፤ ሰላምታም ተለዋወጥን፤ ልባችን ግን አልተነካካም። በመጨረሻው ቀን እናቴ «ልጄ፣ ዛሬ እደርልኝ፤ የምነግርህ አለኝ» አለችኝ። በማግሥቱ ሐዋሳ የማስተምርበት ኮንፈረንስ ነበረኝ። «እመለሳለሁ፣ እናቴ፤ የጌታ ሥራ ነው» አልኳት። ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ምንም አልመለሰችልኝም። ሐዋሳ ሄጄ ያስተማርኩት ስለ ክርስቲያን ቤተሰብ ነበር።

እናቴ በጥር ወር ወደ ጌታ ሄደች። ከቀብሩ በኋላ ታናሽ እህቴ ነገረችኝ። እናቴ የምትነግረኝ አዲስ ነገር አልነበራትም። ያን ሌሊት ሁለታችንን አስቀምጣ እጅ ለእጅ ልታያይዘን ነበር የፈለገችው። የጎረቤት ሽማግሌም አስጠርታ ነበር። በዓሉ እንዳይረበሽ ብላ የመጨረሻውን ማታ ጠበቀች። እኔ ያን ማታ አልነበርኩም። ከወንድሜ ጋር እዚያው ለቅሶ ላይ ተቃቅፈን ታረቅን፤ እሷ ግን አላየችም። ባሕር ዛፉንም ወንድሜ ራሱ ቆረጠው።

ወገኖቼ፣ የጌታ ሥራ ብዬ የሄድኩበት ቦታ የጌታ ሥራ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ያን ማታ የጌታ ሥራ እናቴ ቤት ምድጃው ዳር ነበር። ብዙ አገልጋዮች ይህን ጽሑፍ እንደምታነቡ አውቃለሁና በወንድምነት እላችኋለሁ፦ የመጨረሻውን ማታ አትሽጡት።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ጉዳይ ራሷን ትመርምር። በዓል ሲቃረብ ልዩ ፕሮግራም እናወጣለን፤ መዘምራን ይለማመዳሉ፣ እንግዳ ሰባኪ ይጠራል። እሑድ በታላቅ «አሜን» እንዘጋለን። ሰኞና ማክሰኞ፣ ቤቶች ባዶ በሚሆኑበት፣ ባልና ሚስት ስለ ዕዳው በሚጨቃጨቁበት፣ አሮጊቷ እናት ብቻዋን ድስት በምታጥብበት ቀን ግን የቤተ ክርስቲያን በር ተዘግቷል፤ እኛም ደክሞናል። ኢዮብ ማልዶ የተነሣው በዚያ ሰዓት ነበር።

እኛ የወላይታ አማኞች ደግሞ ይህን ለመርሳት ምክንያት የለንም። ወንጌልን ያመጡልን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ወደዚህ ምድር መጡ። በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። በወላይትኛ የነበራቸውም የቃሉ ክፍል ጥቂት ነበር። በሰው ዓይን ነገሩ ያለቀለት ነበር። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበር። ያ ሥራ የታወቀው እንግዶቹ ሲመጡ በነበረው ደስታ አይደለም፤ ከሄዱ በኋላ በተረፈው ነው። የእኛም በዓል እንዲሁ ይፈተን፦ እንግዳው ከሄደ በኋላ በቤታችን ምን በቅሎ ይገኛል?

ታዲያ ምን እናድርግ? ከባድ ነገር አልጠይቅም።

አስቀድመን ሂሳቡን ከበዓሉ በፊት እናድርገው። ባልና ሚስት ተቀምጠው የልጆችን የትምህርት ወጪ መጀመሪያ ለይተው ያስቀምጡ፤ ከቀረው ይታረድ። የቀረው ለበሬ ካልበቃ ለዶሮ ይበቃል፤ ለዶሮም ካልበቃ ጎመንና ቆጮ በፍቅር ይበላል። ከዕዳ ጋር የተበላ ቁርጥ ጉሮሮ ቢያልፍም ሆድ ውስጥ አያርፍም። አዲስ አበባ የምትሠሩ ልጆቻችንም ወላጆቻችሁ ፊት ባለጠጋ ለመምሰል አትጨነቁ። እናታችሁ ያያችሁት ቀን ጠግባለች።

ከዚያም ያልታረደበትን ቤት እናስብ። በነህምያ ዘመን ሕዝቡ በበዓል ቀን ምንም ላልተዘጋጀለት ሰው ድርሻ እንዲልክ ታዝዞ ነበር (ነህ. 8፡10)። ድርሻ የሚላከው የተረፈውን በመጨረሻው ቀን ጠርገን አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ከደህናው ተቆርጦ ነው። ቅርጫው ሲከፋፈል የመበለቲቱ መደብ አብሮ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ማታ ለቤተሰብ ቀድሱት። አባት ወይም እናት ልጆችን ይሰብስቡ፤ እንደ ኢዮብ እንደ ቁጥራቸው፣ በየስማቸው ይጸልዩ። የተቀየመ ካለ ያን ማታ ይነጋገር። ስልኩ ይዘጋ፤ ቴሌቪዥኑም ይጥፋ። የሚሄደው ሰው ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ልቡን ይክፈት። ወላጆቻችሁ «እደርልኝ» ካሏችሁ እደሩ፤ አውቶቡስ ነገም አለ።

እኛ እረኞች ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ቀናት የቤት ለቤት ቀን እናድርጋቸው። መናኸሪያም እንሂድ። ለሚሄደው እንጸልይለት፣ ለምትቀረው እናት ቡና እናፍላላት። ይህ ማይክራፎንም በጀትም አይፈልግም።

አሁን ወደ ዮሐንስ 7 ልመለስ። የዳስ በዓል ሰባት ቀን የሚከበር፣ ስምንተኛው ቀንም የተቀደሰ ጉባኤ የሚሆንበት ታላቅ በዓል ነበር። በበዓሉ ቀናት ካህናቱ ከሰሊሆም መጠመቂያ ውኃ እየቀዱ በመሠዊያው ላይ ያፈስሱ እንደነበር የአይሁድ ትውፊት ይነግረናል። ሕዝቡ ዘመረ፣ በላ፣ ጠጣ። ነገ ዳሱ ይፈርሳል፤ ሁሉም ወደየአገሩ ይመለሳል። ኢየሱስ ቆሞ በታላቅ ድምፅ የጮኸው በዚያ በመጨረሻው ቀን ነው (ዮሐ. 7፡37)። የተጠማ ሁሉ ወደ እርሱ መጥቶ እንዲጠጣ ጠራ። በሰባት ቀን በዓል የረካ መስሎት አሁንም የሚጠማ ሰው እንዳለ ያውቅ ነበርና። ጌታ የመጀመሪያውን ቀን ጭብጨባ አልተሻማም፤ የመጨረሻውን ቀን ጥማት ግን አላለፈውም።

ያ በመናኸሪያ ያገኘሁት ወጣት «የከበደኝ ዛሬ ነው» ባለኝ ጊዜ ጌታ የሚጣራበት ሰዓት ላይ ነበር። ወንድሜም ሻንጣውን በር ላይ አውጥቶ በባዶ ክፍል የተቀመጠባት ሌሊት እንዲሁ ነበረች። በዓል ሲያልቅ የሚሰማን ያ ባዶነት ከጠላት ነው ብለን ቶሎ አንገሥጸው፤ ወደ ምንጩ እንድንሄድ የተተወልን ጥማት ሊሆን ይችላል።

የዚህች ምድር ኑሯችንም እንግድነት ነው። አንድ ቀን የእያንዳንዳችን ሻንጣ በር ላይ ይወጣል፤ በአልጋችን ሌላ ይተኛል። ያን ቀን ሂሳባችን በመስቀል ላይ እንደተከፈለ የምናውቅ ሰዎች አንደነግጥም። እስከዚያው ግን በመጪው ጊፋታ፣ እንግዶቻችሁ ከመሄዳቸው በፊት ባለው ማታ፣ በምድጃው ዳር አንድ ሰዓት ለጌታ ስጡ። እኔ ያጣሁትን ማታ እናንተ አታጡት።

ጌታ ይባርካችሁ፤ ቤታችሁንም በሰላሙ ይጠብቅ። አሜን።